አራተኛው ገመድ

«እትዬ ደብሪቱ፣ ዛሬ በስክሪኑ አባቴም ይታያል አይደል?»

ማሚቱ ይህን የጠየቀችው በሰርጓ ጠዋት ነው። ጭንቅላቷን ለፀጉር ሠሪዋ ሰጥታ፣ ዓይኗን በመስታወቱ በኩል ወደ በሩ ልካ ነበር። በሩ ላይ ደብሪቱ የገመድ ጥቅልል በሁለት እጇ ታቅፋ ቆማለች። ጥያቄው አዎ ወይም አይደለም የሚባልበት ነበር፤ ደብሪቱ ግን አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። «ገመዱ ከብዶኛል፣ አስቀምጬው ልምጣ» አለችና ወጣች። ተመልሳ አልመጣችም።

የማሚቱ አባት አቶ ዓባይነህ ከሞቱ ዐሥራ ሦስት ቀናቸው ነበር። ገንዳ ውኃ ላይ ትንፋሽ አጥሯቸው፣ ሐኪም ቤት ሳይደርሱ ነው ያለፉት። ወሬው ድንበሩን ተሻግሮ ሱዳን፣ ገዳሪፍ የገባው በማግስቱ ነው፤ የሰማው ሁሉ ግን ማሚቱ ደጃፍ ሲደርስ አፉን ይይዛል። መርዶ በስልክ አይነገርም። መርዶ ማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ ነው የሚነገረው። ያውም ጠላው ተጠምቆ፣ ሳላ ለሚሉት የሰርግ አዳራሽ ቀብድ ተከፍሎ እያለ ሙሽራን ማን ደፍሮ ያረዳል? የማሚቱ አጎት አያ አስናቀው ጎረቤቱን ቤታቸው ጠርተው «ልጅቱ ትዳር። ማክሰኞ ማለዳ እኔው እነግራታለሁ። እስከዚያ ከማንም አፍ እንዳይወጣ» ብለው አስማሉ። ደብሪቱም ከማሉት አንዷ ነበረች።

መማሉ ቀላል ነበር። የከበደው ከማሚቱ ጋር ሖሽ በሚሉት በአንድ ግቢ፣ በአንድ ግድግዳ መኖሩ ነው። ልጅቱ ማታ ማታ እየመጣች ቬሎውን ታሳያለች፤ ጫማው ጠበበኝ ትላለች፤ ሐሙስ ዕለት የሱዳን ሴቶች ሂና ሲቀቧት እጇን እያርገበገበች መጥታ «ውሃ አጠጪኝ፣ እጄ አልደረቀም» አለቻት። ደብሪቱ ኩባያውን ወደ አፏ አስጠግታ ስታጠጣት ያ የሚስቅ አፍ የማን አፍ እንደሆነ እያየች ነበር። አባቷን ቁርጥ ነች ይሏታል። ከዚያ ቀን ወዲህ ደብሪቱ እንቅልፍ አጥታለች። ፊደል የምትማርበት የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ እንኳ ሄዳ መምህሩ ሰሌዳው ላይ የጻፈውን ሳታነብ ነው የምትመለሰው።

ሳላው ከእህል ገበያው በስተጀርባ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፤ የሰሊጥ ጭነት ሲበዛ ግማሹ መጋዘን ስለሚሆን ሰርግም ቢሆን ጥግ ጥጉ ሰሊጥ ሰሊጥ ይሸታል። ጦርነቱ የካርቱምን ሰው ወደ ገዳሪፍ ካፈለሰ ወዲህ የማይወደድ ነገር የለም፤ የቤት ኪራዩ፣ ስኳሩ፣ ራክሻ የሚሉት ባጃጅ፣ የሳላውም። ያም ሆኖ ጥር ገብቶ የሰሊጥ ቆራጩ ደሞዙን ሲቀበል ሳላው ባዶ ቀን አይገኝለትም። የዚያን ዕለት ጠዋት ውስጡ የነበሩት ወንበር የሚደረድሩ ሁለት ሰዎች፣ ጠረጴዛ ስር የተኛ ድመት፣ ረድዋንና የደብሪቱ ልጅ እየሩስ ነበሩ።

ረድዋን የቪዲዮው ባለቤት ነው። አባቱ የጎንደር ሰው ናቸው፤ እሱ ግን ኡምዱርማን ተወልዶ ኡምዱርማን ያደገ፣ አማርኛውን ከአባቱ ደንበኞች የለቀመ ነው። ከካርቱም ሲሸሽ ማሽኑን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ያወጣው በሕፃን ወግ ታቅፎ ነው። ለምን ሲሉት «ሚስቴን ብረሳት በእግሯ ትመጣለች፤ ይሄ እግር የለውም» ይላል። ሚስቱ እንኳ ትስቃለች። እየሩስ ከእሱ ጋር ስትሠራ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። ካሜራ ተሸክማለች፣ ገመድ ጠቅልላለች፣ ጀነሬተር ጎትታለች፤ ዛሬ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ማሽኑ ላይ ብቻዋን ትቀመጣለች። ረድዋን ከሰላ ከተማ ላይ ሌላ ሥራ ሊጀምር አስቧል። «ይሄ ሰርግ ያለ ስሕተት ካለፈ የገዳሪፉን ሥራ ከነማሽኑ ላንቺ እተዋለሁ» ብሏታል። ደብሪቱ ይህን ስትሰማ ስለት ተስላ ነበር። የእየሩስ እኩዮች አንድ በአንድ አልቀዋል፤ አንዷ ወደ ፖርት ሱዳን፣ አንዷ ወደ ግብፅ፣ ሁለቱ ደግሞ ወዴት እንደገቡ አይታወቅም። ሥራ ያላት ልጅ አትሄድም፤ ደብሪቱ በዓለም ላይ ከምታምናቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ይህ ነበር። ገመድ ለመሸከም፣ ገመዱን ከሰው እግር ለመጠበቅ ብላ አብራት የመጣችውም ለዚህ ነው። እናት ናት፤ ቤት ቁጭ ብላ ከምትጨነቅ አጠገቧ ቆማ መጨነቁን መረጠች።

ማሽኑ ሲያዩት ምንም አይደለም። ሁለት ደብተር ጎን ለጎን ቢቀመጥ የሚያክል ጥቁር ሣጥን ነው። ከላዩ ሁለት ረድፍ ቁልፍና በቀኝ በኩል ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድ አንድ እጀታ አለው፤ ከኋላው አራት መግቢያ፣ ሁለት መውጫ። ከየካሜራው የሚመጣው ሥዕል በመግቢያው ይገባል፤ በአንዱ መውጫ ግድግዳውን ወደ ሸፈነው ትልቅ ስክሪን፣ በሌላው ጠረጴዛው ላይ ወዳለችው ትንሽ ስክሪን ይሄዳል። እየሩስ እንደ ረድዋን «መጀመሪያ ገመድ፣ መጨረሻ ከህረባ» እያለች አንድ በአንድ ሰካች። በር ላይ የቆመው ካሜራ አንደኛ፣ ሙሽሮቹ ፊት ያለው ሁለተኛ፣ የልጅነት ፎቶ የሚያሳየው ላፕቶፕ ሦስተኛ፣ ከገንዳ ውኃ የሚደወልበት ስልክ አራተኛ። ከህረባውን፣ መብራቱን፣ ስትለቅ ሦስቱ መጡ፤ ሁለተኛው ጥቁር ሆነ። ገመዱን ነቀለች፣ ሰካች፣ ቀየረች። ጥቁር። ረድዋን ሲጋራውን ይዞ ከሩቅ ያያታል እንጂ አልረዳትም። ደብሪቱ የነጠላዋን ጫፍ ትጠመዝዛለች። ቆይታ ቆይታ እየሩስ ካሜራውን ራሱን ከፈተችና ስትጎረጉር «ዐርብ ለሌላ ሥራ የሥዕሉን ልክ ቀይረውታል» አለች። «አሮጌ ማሽን ነው፤ አራቱም በአንድ ልክ ካልላኩለት አይቀበልም።» ልኩን መለሰችው። ባዶዎቹ የሙሽራ ወንበሮች ትንሿ ስክሪን ላይ ብቅ አሉ። ረድዋን ሲጋራውን ጣለና «ተማም» ብሎ ወጣ። ደብሪቱ ትንፋሿን የለቀቀችው ያኔ ነው።

«እማ፣ ጻፊልኝ» አለቻት እየሩስ፣ የፕላስተር ቁራጭና እስክሪብቶ እየሰጠቻት።

«እኔ?»

«ምን ልትማሪ ነው ታዲያ ጫማ የምትጨርሽው?»

ደብሪቱ ተንበርክካ በየገመዱ ጫፍ ፕላስተር እየለጠፈች አንድ አንድ ቃል ጻፈች። «በር»፣ «ሙሽራ»፣ «ፎቶ»። አራተኛው ላይ ቆም ብላ አሰበችና «አገር» ብላ ጻፈች። እየሩስ አነበበችው፣ ሳቀች፣ አልቀየረችውም። ከዚያ እንደ ሕፃን አስተማረቻት። የታችኛው ረድፍ አረንጓዴ ነው፤ ተራ የሚጠብቀው። የላይኛው ቀይ ነው፤ ሕዝብ የሚያየው። መጀመሪያ አረንጓዴውን ይጫኑታል፤ ትንሿ ስክሪን ላይ ያዩታል፤ ደህና ከሆነ እጀታውን ወደ ላይ ይገፉታል።

«ደህና ካልሆነስ?»

«አይገፉትማ።»

አምስት ሰዓት ላይ አያ አስናቀው መጡ። ኮት ደርበዋል፤ ፊታቸው የሰርግ ፊት አይደለም። ከእየሩስ ጠረጴዛ አጠገብ ወንበር ስበው ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሕጉን ነገሯት። የሙሽራይቱ እናት እናትነሽ ስምንት ሰዓት ላይ በስልክ ትቀርባለች። ካልቀረበች ልጅቱ ትጠረጥራለችና። ማቁን አውልቃ ነጭ ትልበስ ተብሏል፤ ጎረቤቶቿም ነጭ ይለብሳሉ። ከሁለት ደቂቃ አትበልጥም፤ ትመርቃለች፣ እልል ይላሉ፣ ይዘጋል። አባትሽ የት አሉ ከተባለ ቆላ ወርደዋል፣ ኔትወርክ የለም። «አንቺ ቀድመሽ ታያለሽ» አሏት። «ጥቁር የለበሰ ካየሽ፣ ያለቀሰ ካየሽ፣ ኔትወርኩ ጠፋ ብለሽ ዝጊው። ገባሽ?»

«ገባኝ አያ። እማም አጠገቤ ናት።»

አያ አስናቀው ደብሪቱን ቀና ብለው አዩዋት። «አዎ» አሉ። «ደብሬ የአገር ሰው ናት።»

ከሰባት ሰዓት በኋላ ሳላው ሞላ። ሰሊጥ ቆራጮቹ አዲስ ሸሚዝ ገዝተው፣ ከእጥፋቱ መስመር ጋር ለብሰውት መጡ። የሱዳን ጎረቤቶች ቶብ በሚሉት ልብሳቸው ደምቀው በአንድ ወገን ተቀመጡ። ማሚቱና ሙሽራው ስንሻው ሲገቡ እየሩስ ከበሩ ወደ ሙሽራው፣ ከሙሽራው ወደ በሩ እያመላለሰች ሕዝቡን ራሱን ለራሱ አሳየችው፤ ሰው ፊቱን በግድግዳ ሙሉ ሲያይ እጁን እያነሣ ጮኸ። ደብሪቱ የልጇን ጣቶች ታያለች። አረንጓዴ፣ ዓይን፣ እጀታ። አረንጓዴ፣ ዓይን፣ እጀታ። አንዲት ስሕተት የለችም። ረድዋን ከሩቅ አውራ ጣቱን አነሣላት። ለትንሽ ጊዜ ደብሪቱ ስምንት ሰዓት እንደሚመጣ ረሳች።

ከዚያ ማሚቱ ጭፈራ ወረደች። ትከሻዋን ስትሰብቅ የሂናው ጥቁር አበባ ከክንዷ እስከ ጣቷ አብሮ ይሰበቃል። ሴቶቹ ከበቧት፤ ሁሉም ያውቃሉ፤ ሁሉም ያጨበጭባሉ። አንዷ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረግ አደረገችና ላብ ነው አለች። ደብሪቱ ወንበሯ ላይ መቀመጥ አቃታት። ትነሣለች፤ ገመዱ ላይ ያለውን ፕላስተር ትረግጣለች፤ ትቀመጣለች። የምታየው ግን ማሚቱን ብቻ አልነበረም። ዶካ በምትባል የሱዳን ከተማ፣ ከዐሥራ ስድስት ዓመት በፊት፣ በአንድ ጎረቤት ልጅ ክርስትና ቀን የጨፈረች ሌላ ሴት ታያለች። ያቺ ሴት ባሏ ምስጋናው ትራክተር ተገልብጦበት ከሞተ ዐሥራ ዘጠኝ ቀኑ ነበር። ሰፈሩ ያውቃል። የሚያረዳት የባሏ ታላቅ ወንድም ከአርማጭሆ እስኪመጣ እየተጠበቀ ነው። እሷ ግን ከበሮውን ስትሰማ ተነሥታ እስክስታ ወረደች፤ ሰው ሁሉ አጨበጨበላት። ትንሿ እየሩስ ቀሚሷን ይዛ እየጎተተች አላስጨፍር ስትላት «ምን ሆነሽ አሳፈርሽኝ» ብላ እጇን መታቻት። በሦስተኛው ቀን ማለዳ በሩ ተንኳኳ። ደብሪቱ ለሞቱ አለቀሰች፤ ለጭፈራው ግን እስከ ዛሬ የሚበቃት ለቅሶ አላገኘችም። አፈር ለብሶ እኔ እስክስታ ወረድኩ ትላለች። ያወቁት ሁሉ አፋቸው አፈር ይሙላ ትላለች። ዶካን የለቀቀችው ያጨበጨቡላትን እጆች ላለማየት ነው።

ስምንት ሰዓት ሲል ስልኩ ጠራ። እየሩስ አነሣችና የታችኛውን አራተኛ ቁልፍ ተጫነች። ትንሿ ስክሪን መጀመሪያ ተንቀጠቀጠች፤ ከዚያ ጠራች። እናትነሽ መሐል ላይ ተቀምጣለች፤ ሦስት ሴቶች ከኋላዋ። ሁሉም ነጭ ለብሰዋል። እናትነሽ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አስራ ፈገግ ብላለች፤ ፈገግታው ልክ እንደተባለችው ነው። ያልተባለችው አንድ ነገር ነበር። ነጠላዋን አዘቅዝቃዋለች። ጥለቱ ወደ ታች በመውረድ ፈንታ ወደ ላይ ዞሮ አንገቷ ላይ ተጠምጥሟል፤ አረንጓዴው ቀለም አገጯ ሥር ደርሷል። ዐሥራ ሦስት ቀን የሐዘን ነጠላ ያጣፋ እጅ፣ ልብሱ ቢቀየርም ልማዱን አልቀየረም። ከኋላዋ ያሉትም ሦስት ሴቶች አላዩባትም፤ የሁሉም ነጠላ እንደዚያው ነበርና።

«ነጭ ነው የለበሱት፣ ጥቁር የለም፣ የሚያለቅስም ማፊ» አለች እየሩስ። ሦስት ዓመቷ ላይ ድንበር ያሻገሯት፣ ነጠላን ለበዓል ብቻ የምታውቅ ልጅ ናት። እጇን እጀታው ላይ አደረገች። ከዚያ፣ ለመጠንቀቅ ያህል፣ ዞረች። «እማ፣ ደህና ነው?»

ደብሪቱ አይታለች። ፊደል እንደምታነበው አንድ በአንድ አልነበረም ያየችው፤ በአንድ ጊዜ ነው። እጇ ወደ ራሷ አንገት፣ ወደ ራሷ ነጠላ ሄደ። ልሳኗ አልታሰረም፤ ይህን ኋላም ለራሷ አልካደችም። «ቆዪ» የምትል አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ግን ከስክሪኑ ጀርባ ማሚቱ እየጨፈረች ነበር፤ እጅ እያጨበጨበላት ነበር። ደብሪቱ አፏን ከፍታ፣ እንደ ጠዋቱ፣ መልሳ ዘጋችው። ዝም ማለት እሺ ማለት ነው። እየሩስ እጀታውን ገፋችው።

እናትነሽ በግድግዳ ሙሉ ወጣች። «ልጄ፣ ውለጂ ክበጂ፣ እንደ አብርሃም እንደ ሣራ...» አለ ድምፁ። ያገር ሰው የሆነው ሁሉ አየ። ጭብጨባው በአንድ በኩል ቆመ፤ በሱዳኖቹ በኩል ቀጠለ፤ እነሱ ምን እንደሆነ አላወቁም። ማሚቱ ፈገግ እንዳለች ወደ እናቷ ዞረች፤ ትከሻዋ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ተሰበቀ፤ ከዚያ ቆመ። ወደ ግድግዳው ሄደች። የእናቷ አገጭ ሥር ያለውን አረንጓዴ ጥለት በሂና እጇ ነካችው።

«እማ፣ አባቴ የት አለ?»

ድምፅ ገዳሪፍና ገንዳ ውኃ መካከል ሦስት ሰከንድ ያህል ይዘገያል። በዚያች ሦስት ሰከንድ እናትነሽ ፈገግ ብላ መመረቋን ቀጠለች። ከዚያ ጥያቄው ደረሳት። ፊቷ እንደ ረጠበ ጭቃ ግድግዳ ባንድ ጊዜ ወረደ። ስልኩ ወደቀና የቤት ጣሪያ ታየ፤ ዋይታው ብቻ መጣ። እየሩስ ደንግጣ እጇ ያገኘውን ቁልፍ ተጫነችና እጀታውን ገፋች። ሦስተኛው፣ የፎቶው ነበር። አቶ ዓባይነህ የሁለት ዓመት ልጃቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ በግድግዳው ሙሉ ሳቁ።

ሳላው የሰርግ መሆኑ እዚያ ላይ አበቃ። አያ አስናቀው ወንበር እየገፉ ወደ ጠረጴዛው መጡ። «አራትን ማን ከፈተው?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አለች እየሩስ።

ማሚቱ አላለቀሰችም፤ ገና ነበር። ወደ አጎቷ ዞራ «ስንት ቀኑ ነው?» አለች። አያ አስናቀው መሬት አዩ። የመለሰላት ስንሻው ነው፤ «ዐሥራ ሦስት» አላት፣ በሙሽራ ልብሱ። ማሚቱ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቆጠረች። «ሐሙስ ሂና ስቀባ ታውቁ ነበር» አለች። ከዚያ ከጠረጴዛው አጠገብ ወደ ቆመችው ሴት ሄዳ ነጠላዋን ከትከሻዋ ላይ አነሣች። ሴትዮዋ ደብሪቱ ነበረች። ማሚቱ ነጠላውን ገልብጣ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ፣ ከቬሎው በላይ ለበሰችው።

«አንቺም ታውቂ ነበር» አለቻት። ጥያቄ አልነበረም።

ድንበሩ፣ ገላባት ላይ ያለው ድልድይ ሲመሽ ይዘጋል። አንድ ሚኒባስ ተገኘ፤ ባለ መኪናው የጠየቀውን ዋጋ የተከራከረው የለም። ማሚቱ ከነቬሎዋ ወጣች፤ ስንሻው ከነክራቫቱ አብሯት ገባ፤ ዋይታዋ የተሰማው መኪናው ከተነሣ በኋላ ነው። የስንሻው እናት እየሩስ ፊት ቆመው «ድግስ አፍራሽ። ያንቺም ሰርግ እንዲህ ይሁን» አሉና ሄዱ። ሱዳኖቹ ሴቶች እጃቸውን ዘርግተው ለሟቹ የፋትሓ ጸሎት አደረሱ። የተረፈው እንጀራና ወጥ በየትሪው ቀረ፤ ወንበር ደርዳሪዎቹ በቁማቸው በሉ።

ረድዋን አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻል ነበር። ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ «አልወቅስሽም» አላት። «ያበሻ ነጠላ እኔም አላውቅም። ግን ነገ ገበያው ሁሉ ይሄን ነው የሚያወራው፤ ማሽኑ ላይ አንቺን ካዩ ማን ይጠራኛል? ኸላስ፣ በቃ፣ ልጄ።» ከዚያ ወደ ደብሪቱ ዞረ። «ኡም እየሩስ፣ አንቺ እንኳ ብታዪው ኖሮ።»

ገመዱን እናትና ልጅ ሆነው ጠቀለሉ። ፕላስተሩን ከሲሚንቶው ላይ ላጡ። እየሩስ ከክንዷ እስከ መዳፏ እያዞረች ስትጠቀልል ቆየችና ቀና ሳትል፣ ቀስ ብላ «እማ፣ ነጠላውን አይተሽው ነበር?» አለች። ደብሪቱ አራተኛውን ገመድ ይዛ ነበር። «አገር» የሚለው ጽሑፍ የእጇ ላብ ነክቶት ተበላሽቷል። ጠቅልላ ከሌሎቹ ላይ ጫነችው። እየሩስም አልደገመችም።

ራክሻው ከጠዋቱ እጥፍ ጠየቃቸው፤ ነዳጅ የለም አለ። መንገዱን ሙሉ እናት በግራ፣ ልጅ በቀኝ ወደ ውጭ አዩ። ሖሹ ሲደርሱ የማሚቱ በር ክፍት ነበር፤ ጠበበኝ ያለችው ጫማ ደፉ ላይ ተቀምጣለች። ደብሪቱ በሩን ዘጋችላት። ቤታቸው ገብታ ምድጃ ለኮሰች፣ አጠፋች። ውሃ ጨለጠች። ደብተሯን አውጥታ ከፈተች፤ ፊደሎቹ ዝም ብለው አዩዋት። እየሩስ አልጋው ላይ ጫማዋን ሳታወልቅ ተጋድማ ጣሪያውን ታያለች። በቆርቆሮው ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን ከግድግዳው ላይ እየቀላ እየወጣ ሲሄድ ደብሪቱ ከዚህ በላይ አልቻለችም።

«አይቼዋለሁ» አለች።

«አውቃለሁ። እጅሽ ነጠላሽ ላይ ነበር።»

«ሥራሽን እኔ ነኝ ያጠፋሁብሽ። ነገ ለረድዋን እነግረዋለሁ። ለአያ አስናቀውም እነግራቸዋለሁ።» ከዚያ ቀጠለች። ስለ ዶካ ነገረቻት፤ ስለ ከበሮው፣ ስለሚያጨበጭቡት ሴቶች። ብዙ ጊዜ የነገረቻት ነበር፤ ዛሬ ግን በርግማን አልጨረሰችውም። «ልጅቱ እንደኔ ስትጨፍር ላይ አልቻልኩም» አለች። «ያወቁት ሁሉ...»

«ቀሚስሽን የያዝኩት ትዝ ይልሻል?» አለች እየሩስ።

«ትዝ ይለኛል። እጅሽን መታሁሽ።»

እየሩስ ተነሥታ ተቀመጠች። ፊቷን ወደ ግድግዳው፣ ወደ ማሚቱ ቤት በኩል አድርጋ ነበር የምትናገረው። «የባለ ክርስትናዋ ትልቋ ልጅ ነግራኝ ነበር። አባትሽ ሞቷል፣ ለእማሽ ብትነግሪያት እሷም ትሞታለች አለችኝ። ስድስት ዓመቴ ነበር። ስትጨፍሪ ጊዜ ልንገራት ልተዋት ብዬ ቀሚስሽን ያዝኩ። መታሽኝ፤ ተውኩት።» ጫማዋን አወለቀች። «ዐሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ያወቁት ሁሉ አፋቸው አፈር ይሙላ ስትይ እሰማለሁ። ማታ ማታ፣ እዚሁ አልጋ ላይ፣ አጠገብሽ ተኝቼ።»

ደብሪቱ ምድጃውን፣ ደብተሩን፣ የልጇን ጀርባ አየች። እጇን ዘረጋች፤ ጀርባው ላይ ሳይደርስ አየር ላይ ቆየ። ማሚቱ ቤት ውስጥ የተረሳ ስልክ ጠራ፤ ጠራ፤ ዝም አለ።

በማግስቱ እንዳለችው ለረድዋን ነገረችው። አያ አስናቀውም ሰሙ፤ ከዚያ ወዲህ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲያገኟት ሰላም አይሏትም። ለእየሩስ የጠቀማት ነገር የለም፤ ሰው ጣቱ እጀታው ላይ የነበረውን እንጂ አፉን የዘጋውን አይቆጥርም። ማሚቱና ስንሻው አርባውን አውጥተው ይመለሳሉ ተብሎ ነበር፤ አልተመለሱም፤ ቤታቸውን ከካርቱም የመጡ ሰዎች ተከራዩት። ረድዋን ማሽኑን በብርድ ልብሱ ጠቅልሎ ከሰላ ገባ። እየሩስ ዐቢይ ጾም ሳይገባ፣ ሰኞ ቀን፣ ከሁለት የሰፈር ልጆች ጋር በፖርት ሱዳን አውቶቡስ ሄደች። ደብሪቱ ቀረች።